የእሱ ስቲከር ሳይቀደድ የእኔ ተቀደደ

ይድረስ ለተከበሩ የላፕቶፕ ዋስትና ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ጥበቃውን ጃኬቱን እስከ አንገቱ እንዳስቆለፈው በዓይኔ ስላየሁ፣ ሙቀቱን እንዴት ይዘውታል ብዬ አልጠይቅዎትም። ይልቁንም ያ ብርድ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በመስኮት ብመላለስ ሰሚ በማጣቴ ነገሬን በአደባባይ ለማቅረብ መገደዴን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

እኔ መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት የፊደል ስህተት እያደንኩ የምኖር አራሚ ነኝ። ላፕቶፔን ከመደብርዎ የገዛሁት ከባለቤቴ እህት ባል ጋር፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ መደርደሪያ ላይ ነው። ቀለሙ አንድ፣ ሞዴሉ አንድ፣ የዋስትናው ዘመንም አንድ ነው። ይህን ሰው ቤተሰቡ በሙሉ «እጀ ወርቅ» እያለ ይጠራዋል። እኔን ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ለጉዳዩ አስፈላጊ ስላልሆነ ትቼዋለሁ።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

አንደኛ፣ ሁለቱም ላፕቶፖች ገና በዋስትና ላይ ሳሉ መጋል ጀመሩ። የእኔማ ጭን ላይ ማስቀመጡ ቀርቶ፣ ማራገቢያው ሲያጓራ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ምን ጉድ መጣ?» እያለች ትወጣ ነበር። ወደ እናንተ ይዘናቸው ስንመጣ የመስኮቱ ቴክኒሻን መዳፉን አሳርፎባቸው፣ ቶሎ ብሎም አንሥቶ፣ «ሙቀቱ የጤና ነው» ብሎ ጻፈልን። ለዚህ ጥልቅ ምርመራ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እናቴም ትኩሳታችንን በመዳፏ ነበር የምትለካው፤ እሷ ግን ቢያንስ መድኃኒት ትሰጠን ነበር።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ናት። ከእናንተ በተመለስን ዕለት ላፕቶፔን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ ውስጡ ያለው ቴርማል ፔስት፣ ማለትም በማሽኑ አንጎልና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ነገር፣ ደርቆ ይሆናል፣ ከፍቼ ልቀይረው አለችኝ። እኔ ግን፣ በእናንተ ላይ የነበረኝን እምነት ይመልከቱልኝና፣ ብሎኑ ላይ በተለጠፈው የዋስትና ስቲከር ላይ ጣቴን አሳርፌ «ዋስትና አለው፤ አይነካም!» አልኳት። እሷም «ይሁን» ብላ ትታው ሄደች። ይህችን ቃሌን እባክዎ አይርሱብኝ፤ ባለቤቴም አልረሳችብኝም።

ሦስተኛ፣ ብዙም ሳይቆይ አማቴ ቤት ለምሳ ተሰበሰብን። እጀ ወርቅ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ሰሐኖቹ መሀል አስቀመጠው፤ ሰዉም በየተራ እየተነሣ ዳሰሰው። ቀዝቃዛ! ማራገቢያው ትንፍሽ አይልም። «ፔስቱ እዚሁ ቤት ውስጥ ተቀየረ፤ ስቲከሩም እንዳለ ነው» አለን። አማቴ «እጅህ ይባረክ!» አሉት። እኔ ስንቱን መጽሐፍ ከውርደት ሳወጣ «ዓይንህ ይባረክ» ያለኝ የለም፤ ይሁን፣ እሱንም ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የባለቤቴን ነገር ነው። ላፕቶፑን እያየች ፈገግ አለች። ክቡር ሆይ፣ ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ የምትመጣው ባለቤቴ ስትኮራ ብቻ ነው። በእኔ የመጣችበትን ቀን ባስብ ባስብ አጣሁት። ምን እደብቅዎታለሁ፣ ቀናሁ። እጀ ወርቅ ጨው አቀብለኝ ቢለኝ ስኳሩን አቀበልኩት።

አራተኛ፣ በማግስቱ ባለቤቴ ሥራ እንደገባች በሩን ቆልፌ ላፕቶፔን ገለበጥኩና ስቲከሩን በወጥ ቤት ቢላ ላጥኩት። ከመሀሉ መቀደዱን እናንተም አረጋግጣችኋል። ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈታሁ፣ አሮጌውን ፔስት ፋቅሁ፣ አዲሱን ደግሞ በበዛ ቁጥር ይቀዘቅዛል ብዬ ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ሰው እስከ ዳር ዳሩ ለቀለቅሁት። አማቴ ወሬው ሲደርሳቸው «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አሉ። ከመሥሪያ ቤትዎ ከዚህ የተሻለ የቴክኒክ ሪፖርት ስላልደረሰኝ ይህንኑ ተቀብያለሁ። ላፕቶፔ ከዚያ ወዲህ ገና ሲከፈት ድርግም ብሎ ይጠፋል።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ይህንኑ ላሠራ ወደ መስኮትዎ ስመጣ ከማን ጋር ብገናኝ ጥሩ ነው? ከእጀ ወርቅ! እሱ ደግሞ የኪቦርዱ አንዲት ፊደል አልጫን ብላው ኖሯል። ጎን ለጎን ቆምን። ቴክኒሻንዎ የእኔን ገልብጦ ስቲከሩን አየና «ጋራንቲው ፈርሷል፣ ጋሼ» አለኝ። የእሱን ገልብጦ «ንጹሕ ነው» አለና ኪቦርዱን በነፃ ቀየረለት፤ ወንበርም ሳበለት። እኔ ቆሜ አየሁ። የእሱም ተከፍቷል፣ የእኔም ተከፍቷል፤ የእሱም ተቀብቷል፣ የእኔም ተቀብቷል፤ ታዲያ የእሱ ስቲከር ምን ቢጸልይ ነው? ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ከሁለት አንዱን ብቻ ነው፤ ወይ የእኔን ዋስትና ይመልሱልኝ፣ ወይ የእሱንም ያፍርሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይለኛል። ለምርመራ ይረዳዎት ዘንድም የዚህን ሰው ሙሉ ስምና የቤቱን አድራሻ ከዚህ በታች

ክቡር ሆይ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሳልዘጋ በመተዌ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር ነውር ነው። ላፕቶፔ ስለማይሠራ በእጄ እየጻፍኩ ነበርና፣ ባለቤቴ ለካ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ቆይታለች። የቤቱ አድራሻ ላይ ስደርስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወንበሩን ተደገፈች። ሳቋ ሲበርድላት ነገሩን ነገረችኝ። የእጀ ወርቅን ላፕቶፕ የከፈተችው እሷ ናት። እኔ «አይነካም» ስላት፣ እህቷ «የእኛን ንኪልን» ብላት ሄዳ፣ ስቲከሩን በፀጉር ማድረቂያ አሙቃ፣ ጥርስ በምትመረምርበት ቀጭን ብረት ጫፍ ሳይቀደድ አንሥታ፣ ፔስቱን የምስር ፍሬ ታህል ጠብ አድርጋ፣ ስቲከሩን መልሳ ለጥፋዋለች። የእጀ ወርቅ ሥራ የእጅ ባትሪ ማብራት ነበር። ምሳው ላይ ምርቃቱ ለእሱ ሲዘንብ እህቷን ላለማሳፈር ዝም አለች፤ ፈገግ ያለችው ግን በገዛ እጇ ሥራ ነው። ሰውየውም ቢሆን አልዋሸም። «ቀየርኩት» አላለም፤ «ተቀየረ» ነው ያለው። ዕድሜ ልኬን የሰው ግሥ ሳርም የኖርኩት እኔ፣ በቅናት ታውሬ ይህችን አንዲት ቃል አሳለፍኳት! ስመኘው የከረምኩት እጅ እኔው ቤት ኖሯል፤ አይነካም ብዬ የመለስኩትም እኔው ነኝ።

ቅናቴ በዚህ የበረደ እንዳይመስልዎት። አሁን የምቀናው በሰውየው ሳይሆን በላፕቶፑ ነው። የእኔን በሁለት እጄ አቅርቤ «በይ እንግዲህ» ብላት፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ «ዋስትና አለው፣ አይነካም ብለህ የለ እንዴ?» አለችኝ። ፈርሷል እኮ ብላት፣ «ማን አለ? ወረቀት አለህ?» አለች። ስቲከሩን ባሳያት፣ ተቀደደ ማለት ፈረሰ ማለት አይደለም፣ ኃላፊው ይፈርሙበት ብላ ዘጋችኝ።

ስለሆነም ከላይ ያቀረብኩትን ልመና በሙሉ አንሥቻለሁ። የእጀ ወርቅ ዋስትና ይለምልም፣ ይፋፋ። የእኔ ዋስትና ግን ላይመለስ መፍረሱን የሚገልጽ፣ ፊርማዎና ማኅተምዎ ያረፈበት ደብዳቤ በአስቸኳይ እንዲጻፍልኝ በእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ለማፍረስ ያላችሁን ፍጥነት አይቻለሁና፣ እባክዎ በዚህች አንዲት ጉዳይ አያጓትቱብኝ።

ብርዱ እንዳይጎዳዎት ጃኬትዎን እንዲደርቡ እያሳሰብኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ስቲከሮች ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ዋስትናው የፈረሰ፣ ዋሱ ግን ቤቱ ያለች፣
አራሚው ደንበኛዎ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ «ሙቀቱ የጤና ነው» ብሎ የጻፈልን ቴክኒሻንዎ፣ ለካ ኪቦርዱን በቀየረ ዕለት የእጀ ወርቅን ላፕቶፕ ዳስሶ ቅዝቃዜው ገርሞት ኖሮ፣ የራሱን ላፕቶፕ ግለት አልቻለውምና በሻርፕ ጠቅልሎ በእጀ ወርቅ በኩል ልኮልናል። ይህን ስጽፍ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ፣ በባለቤቴ እጅ፣ ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ስለ ስቲከሩ አይስጉ፣ አይቀደድም። ባትሪውን የማበራላት እኔ ነኝ። አሁን ፔስቱን ጠብ አደረገችና ፈገግ አለች፤ እሱም ለቴክኒሻንዎ ላፕቶፕ።