ሳልጠይቅ የመለስኩት ጌም

እማዬ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ልጀምር አስቤ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። አንቺ ያለሽበትን አላውቅምና እኔ ያለሁበትን ልንገርሽ። ከተለየሽኝ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ከቀትር በኋላ። አልጋሽ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ፍራሹን እህቴ ሰብለ ለእንግዳ ይሆናል ብላ አስኮ ወዳለው ቤቷ ወስዳዋለች። አትውሰጂው ማለት አቃተኝ። ስለዚህ የተቀመጥኩት ባዶው ጣውላ ላይ ነው።

በራችን ላይ የነበረው ጽድ ተቆርጧል። መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው ነው። አሁን ከበራችን ሆኖ እስከ እንጦጦ ድረስ ይታያል፤ አንቺ ብታይው ደስ ይልሽ ነበር፣ እኔ ግን በሩን ዘግቼ ነው የምውለው። እትዬ ብርቄ አሁንም በአጥሩ በኩል “ደሬ፣ በልተሃል?” ይሉኛል። በልቻለሁ እላቸዋለሁ። ውሸት እንደሆነ ያውቃሉ፤ በሳህን ሸፍነው ያቀብሉኛል። ጳውሎስ ያለችው የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቄ አልተዘጋችም። እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በመካከል ምን እንደሠራሁ ብትጠይቂኝ አላውቀውም።

ይህን ሁሉ የምልሽ ግን ዋናውን ላለመናገር ስሸሽ ነው። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፤ አንቺ ብታውቂውም፣ እኔ ልናገረው ይገባኛል።

ከቁስቋም ቅዳሴ አስቀድሰሽ ተመልሰሽ፣ ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ ነበር ደጃፉ ላይ የወደቅሽው። ስትሮክ ነው አሉን። አሥራ ስድስት ቀን ተኝተሽ ስትወጪ ቀኝ እጅሽ ጭንሽ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጦ ነበር። ያ እጅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ አጥቦ፣ የሰው ብርድ ልብስ ጨምቆ እኔንና ሰብለን ያሳደገ እጅ ነው። አፍሽም ተያዘ። ማለት የምትችይው “እ” ብቻ ነበር፤ ውኃ ሲያምርሽም “እ”፣ ሲያምሽም “እ”። የእጅ እንቅስቃሴ የምታሠራሽ የሆስፒታሉ ልጅ “ጣቶቿን አሠሯት፣ ያልሠራ ጣት ሥራውን ይረሳል” ብላ የላስቲክ ኳስ ሰጠችን። አንቺ ኳሱን በግራ እጅሽ አንስተሽ በበሩ ወረወርሽው። ደግሜ አመጣሁት፣ ደግመሽ ወረወርሽው። ሁለት ወር እንደዚያ አለፈ። አንገትሽን ደፍተሽ ትውያለሽ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ይህንንም አላወቅሽ እንደሆነ ዛሬ እወቂው።

ጌሟን ወደ ቤት ያስገባኋት አንቺን አስቤ አይደለም። አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፌስታል ይዟት ሱቅ መጥቶ “ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረች ናት፣ እንደምንም አስነሣልኝ” ብሎኝ ነበር። የድሮ የቴሌቪዥን ጌም፣ ካሴቷ ከላይ የምትሰካ፣ ቢጫ የመታት፣ አንድ ጆይስቲክና አንድ ካሴት ብቻ ያላት። ሰውየው በዚያው ቀረ። ስልኩም አይሠራም። መደርደሪያ ላይ አቧራ ስትጠጣ ከርማ አንድ ሥራ ያጣሁ ቀን ከፍቼ አየኋት፤ የተቃጠለውን ቀየርኩ። በሱቁ ያሉት ቴሌቪዥኖች በሙሉ የተፈቱ ስለነበሩ ልሞክራት ብዬ ቤት አመጣኋት።

ስሰካት አረንጓዴ ሜዳ ወጣ። ነጭ ኳስ፣ ትንሽ ጉድጓድ፣ በመካከል ድልድይና ውኃ። ጎልፍ ነው፣ ግን ያ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት አይደለም፤ ሚኒ ጎልፍ ነው፣ ጓሮ በሚያክል ቦታ መሰናክል እየተደረገ የሚጫወቱት። ከታች አንድ መስመር ወደ ላይ ይሞላል፣ ይወርዳል፤ ልክ ሲሞላ ቁልፉን ከተጫንሽ ኳሷ በኃይል ትሄዳለች። መታሁ። ኳሷ ድልድዩን ስታ ውኃ ውስጥ ጠለቀች። ደግሜ መታሁ፣ ደግማ ጠለቀች። ያኔ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳይሽ በፊትሽ በአንደኛው ጎን ትስቂያለሽ። ከታመምሽ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

ግራ እጅሽን ዘረጋሽልኝ። ጆይስቲኩን ጭንሽ ላይ አደረግኩልሽ፤ ቀኝ አውራ ጣትሽንም አንስቼ ቁልፉ ላይ አስቀመጥኳት። መስመሩ ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ እንደወረደ እንጃ። ላብ በግንባርሽ ወረደ። ኳሷ ግን አልቸኮለችም፤ ሌላው ጌም ሁሉ ይሯሯጣል፣ ይቺ እስክትመቺያት ቆማ ትጠብቅሻለች። በመጨረሻ ጣትሽ ተጫነች። ኳሷ አንድ ስንዝር ያህል ተንቀሳቀሰችና ቆመች። አየሽኝ። “ደግሚያ!” አልኩሽ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁምሽ! ከሥራ ስመለስ በሩን ሳልከፍት ድምፁን እሰማዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ኳሷ ግንቡን ነክታ ተመልሳ ጉድጓዱ ውስጥ ስትወድቅ ከአፍሽ “ገባች!” የሚል ቃል ወጣ። ጥርት ያለ ቃል። ወደ ግቢ ሮጬ “እትዬ ብርቄ! እማዬ ተናገረች!” ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም እልልታውን አቅልጠው ሲመጡ “ምን አለች? ምን አለች?” አሉኝ። “ገባች አለች!” ስላቸው ግራ ተጋብተው “ማን ናት የገባችው?” አሉ። ያን ቀን ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ቃሉ ቀስ በቀስ ተመለሰልሽ። ነፋስ የሚያዞረው ወፍጮ ያለበት ቦታ ስንደርስ ትኩር ብለሽ አየሽና “ነፋስ ያልነፈሰ ቀንስ? ሰው ጦሙን ሊያድር ነው?” አልሽ። ነጥቡንም ገልብጠሽ ያዝሽው። በጥቂት ምት ያስገባ ነው አሸናፊው፤ አንቺ ግን በሰባት አስገብተሽ እኔ በሦስት ሳስገባ “ሰባት ይበልጣል” ብለሽ ኮራሽ። ላርምሽ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እስከ መጨረሻው ስታሸንፊኝ ኖርሽ።

መጫወት በጀመርሽ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ከእንቅልፍሽ ነቅተሽ በቀኝ እጅሽ አማተብሽ። ከግንባርሽ እስከ ደረትሽ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እየተንቀጠቀጠ። ያላየሁ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከዚያ ሰውየው መጣ።

ክፍለ ሀገር ለሥራ ሄዶ ከርሞ መመለሱ ነው። በሱቁ በር ብቅ ብሎ “ወንድሜ፣ ያቺ ጌሜ አለች?” አለኝ። እማዬ፣ ያን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ልለው የምችለው ነገር ነበር። እናቴ እጇን ያነቃችው በእሷ ነው፣ ትንሽ ቆይልኝ ማለት ነበር። አላልኩም። የደንበኛ ዕቃ ሳላስፈቅድ ቤቴ ወስጄ መጠቀሜ አሳፈረኝ። ከዚህም ሌላ፣ የታመነ ባለሙያ ነው እንዲለኝ ፈለግኩ። ከአንቺ እጅ ይልቅ ስሜን አሰብኩ። “አለች፣ ተሠርታለች፣ ነገ ና ውሰድ” አልኩት። “አንተ ሰው ታማኝ ነህ” አለኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ እንዳለኝ ልደብቅሽ አልችልም።

ማታ ስነግርሽ አልተቆጣሽም። “የሰው ነው፣ ስጠው” አልሽ። የቀሚስሽን ጫፍ ይዘሽ ጆይስቲኩን በቀኝ እጅሽ ጠርገሽ ሰጠሽኝ። ከዚያ “ሌላ ታመጣልኛለህ አይደል?” አልሽኝ። “አመጣልሻለሁ” አልኩ።

አንድ ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ፤ የድሮ ዕቃ የሚሸጡትን ዞርኩ። ያገኘሁት አዲሱን ዓይነት ነው፣ ቁልፉ ብዙ፣ ሥዕሉ የሚሮጥ። ሳመጣልሽ ሞከርሽው፣ ጣትሽ ሳትደርስ ያልቃል። “ይሄ ለልጆች ነው” ብለሽ አስቀመጥሽው። ሌላ ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ። ሥራ በዛ። ቀጥሎ ዝናብ ሆነ። ሁለተኛ አልሄድኩም፣ እማዬ። አንድ ቀን ብቻ ነው የፈለግኩልሽ።

አንቺም አልጠየቅሽኝም። የጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ትውያለሽ። እጅሽ ወደ ጭንሽ ተመለሰ። ቃሎችሽም አንድ በአንድ ሄዱ፤ መጀመሪያ ረጃጅሞቹ፣ ከዚያ አጫጭሮቹ። ጌሟ በሄደች በሦስተኛው ወር ሁለተኛው ስትሮክ መታሽ፤ በአራተኛው ቀን አረፍሽ። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ሕመም ተመልሶ እንደሚመጣ፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳኝ። ጌም ሞትን እንደማያስቀር እኔም አውቃለሁ። ግን ያን ሦስት ወር በዝምታ አሳለፍሽው፤ ያን ዝምታ ሞት አላመጣውም። እኔ ነኝ ያመጣሁት።

ከአርባሽ በኋላ ሰውየው የአየር ማራገቢያ ሊያሠራ ሱቅ መጣ። ጥቁር መልበሴን አይቶ “ማን ሞተብህ?” አለኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ለሰብለ ያልነገርኩትን ለእሱ ዘረገፍኩት። ቆሞ ሲሰማኝ ቆየና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

“ለምን አልነገርከኝም?” አለ።

የማራገቢያውን ሽቦ መጠቅለል ጀመርኩ።

“እኔ እኮ ወስጄ ቁም ሳጥን ላይ ነው የጣልኳት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልከፈትኳትም። በእግዚአብሔር፣ ብትነግረኝ ኖሮ ‘ለእናታችን ትሁን’ ብዬ እሄድ ነበር።”

እናታችን ነው ያለው። በማግስቱ በፌስታል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧት ሄደ። እስከ ዛሬ ከፌስታሉ አላወጣኋትም። ቤት ላምጣት እልና እጄ ይከብደኛል፤ ልመልስለት እልና ፊቱን ማየት አልችልም።

በመንፈቅሽ ዕለት ካህናቱ ከጸለዩ በኋላ ሰብለ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥታ “ደሬ ባይኖር እናታችን ይህን ያህል ጊዜ ባልቆየች ነበር” አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። “ጧሪ ልጅ ይስጠን” አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ኀዘን ነው ብለው አባበሉኝ። እማዬ፣ የማይገባኝን ምርቃት ተቀበልኩ።

ነገ ሰብለ ልብሶችሽን ለመለየት ትመጣለች። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም እነግራታለሁ። ትጮህብኝ ይሆናል። እንደ አንቺ ዝም ትለኝ ይሆናል፤ የምፈራው እሱን ነው። ቢሆንም እነግራታለሁ፣ ምክንያቱም እኔን ደግ አድርጋ አንቺን ስታስታውስ፣ የምታስታውሰው ሌላ ቤትና ሌላ እናት ነው።

አልረሳሽም ብሎ መማል ለእኔ ቀላል ነው፤ ማን እናቱን ይረሳል? የምምልልሽ ከዚያ የከበደውን ነው። ስምሽን በጠራሁ ቁጥር ታሪኩን ለራሴ አላሳምረውም። እጅሽ መንቃት የጀመረበትንም፣ ተመልሶ የተኛበትንም እናገራለሁ። “እናቴ ትፈልገዋለች” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ደርሳ እንደዋጥኳትም እናገራለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አንቺ ያን ማታ ጆይስቲኩን ስትሰጪኝ ይቅር ብለሽኝ እንደነበር አውቃለሁ፣ እሱም ነው የሚገድለኝ።

ከነጥፋቴ አስታውስሻለሁ፣ እማዬ። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም።

ልጅሽ ደረጀ