የእማዬን በር ለማን ሁሉ ነገርክ?

ለወንድሜ ለስታማቲስ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ወገብህ አሁንም ያምሃል ወይስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ካሊዮፒ፣ ልጅህ አርጊሪስ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? የሜልቦርን ሙቀት እንዳይጎዳችሁ እያልኩ አስባለሁ፤ እንዲህ ተቆጥቼም ማሰቡ አልቀረልኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ለስታማቲስ ሰላምታ ልጻፍልህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ግን «ተይኝ» ብሎኝ ወደ በረንዳው ወጣ። እንግዲህ ደብዳቤው የሰላም እንዳልሆነ ከዚሁ እወቀው።

በወረቀት የመጣሁብህ ባለፈው ሳምንት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋህብኝ ነው። «ፎቲኒ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ስትረጋጊ ደውይ» አልከኝ። ይኸው ተረጋጋሁ። መነጽሬን አድርጌ፣ ጠረጴዛ ስቤ ቁጭ ብያለሁ። ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ ሳታነበው እንደማትቀር አውቅሃለሁ።

እማዬ ወድቃለች። ፌብሩዋሪ ሰባት ቀን ደረጃው ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። የደወልኩልህ ይህን ልነግርህ ነበር። እስከዚያ ድረስ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል» እያለች ስታስምለኝ ነው የቆየሁት። አንተ ግን ገና «እማዬ» ከማለቴ «አዎ፣ ስለ እሷ ላወራሽ ነበር፤ ጥቁር ሻሿን አስሪያትና በሩ ላይ አስቀምጠሽ ሁለት ሦስት ፎቶ ላኪልኝ፤ ያለፈው ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም» አልከኝ። የጮኽኩት ያኔ ነው። ለምን እንደምጮኽ እንኳ ሳትጠይቅ ዘጋኸው።

አሁን እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህና ስማኝ።

ባለፈው ነሐሴ ለፍልሰታ በዓል ስትመጣ አገርህን ካየህ አስራ አንድ ዓመት ሆኖህ ነበር። እማዬ በሰማንያ አንድ ዓመቷ ሦስት ቀን ሙሉ ተንበርክካ ደረጃውን ኖራ ቀባች፤ አንተ እንድትረግጠው። ሁለት ሳምንት ቆየህ። ከሁለቱ ሳምንት ከእሷ ጋር ማዕድ የቀረብከው አራት ቀን ነው። የቀረውን ካሜራህን አንግተህ ከእኔ ጋር ስትዞር ከረምክ፤ ያዞርኩህም እኔው ነኝ፣ እጄ ይቆረጥ። ወንዙ ከአስፋልቱ ሥር ሲሄድ የሚሰማበትን የብረት ፍርግርግ እኔ አሳየሁህ። አባባ እማዬን «እሺ በይኝ» እያለ የለመነበትን፣ ከመቃብር ስፍራው ጀርባ ያለውን የድንጋይ መቀመጫ እኔ አሳየሁህ። በዚያ ጨለማ መተላለፊያ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ብቻ የሚሸጠው ትራሲቮሎስ ዘንድም የወሰድኩህ እኔው ነኝ። በየቦታው ቆም ብለህ ዝም ስትል፣ ሞኝ ነኝና፣ አገርህ ናፍቆህ መሰለኝ። ለካ እየመዘገብክ ኖሯል!

በሴፕቴምበር የባሌ እህት ልጅ በስልኳ አሳየችኝ። አንተ የምትሠራበት የጉዞ ድርጅት ገጽ ላይ «ማንም የማያውቃቸው ዘጠኝ የአቴንስ ማዕዘኖች» የሚል፣ ከላይ ስምህ የተጻፈበት። ዘጠነኛው እንዲህ ይላል። «በአናፊዮቲካ ሰፈር፣ ጠባቡ ደረጃ ሲያልቅ፣ ሰማያዊ በር። ማንኳኳት አያስፈልግም፤ ገፋ ያድርጉት። በለስ ዛፍ፣ ጓዳ የምታክል ቤተ ክርስቲያንና አንዲት ደግ አሮጊት ይጠብቁዎታል።» ደግ አሮጊት! ማሪጎ ትባላለች፤ ጡቷን ጠብተሃል። በሯን ገፋ አድርጉት ለማለትስ ማን ፈቀደልህ?

ትራሲቮሎስን ልንገርህ። በቀን ሠላሳና አርባ ሰው መስኮቱ ላይ እየተለጠፈ ፎቶ ያነሳው ጀመር። አንድ ቁልፍ የገዛ የለም። አሁን መስኮቱን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ነው የሚውለው፤ ከደንበኞቹ በቀር ለማንም አይከፍትም። ቁልፍ የጎደለው ካፖርቴን ይዤ ስሄድ አጮልቆ አየኝና «ወንድምሽ እንዴት ነው? ገና አልሞተም?» አለኝ። ሲናገር ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር አልነበረም።

ወደ እማዬ ስመለስ፣ መጀመሪያ የመጡት ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ውሃ ሰጠቻቸው፤ የቼሪ ማርማላታ በማንኪያ አቀረበችላቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። የታጠበ ልብሷን በእጃቸው ገለል እያደረጉ የሚገቡ፣ በለሱን ሳይጠይቁ የሚቀጥፉ። አንዱ ባቄላ የምትፈለፍልበት መቀመጫ ላይ ሚስቱን አስቀምጦ፣ እማዬን ከፎቶው ውስጥ ትንሽ ፈቀቅ እንድትል በእጁ ሲያመለክታት በዓይኔ አይቻለሁ። ከገዛ ግቢዋ!

አንድ ሰው ብቻ ተከላከለላት፤ ጎረቤታችን ባርባ ሊናርዶስ። ታስታውሳቸዋለህ፣ ድንጋይ ጠራቢው። ከደረጃው ሥር ወንበራቸውን አውጥተው ይቀመጡና ሻንጣ የሚጎትት ሰው ሲያዩ በዱላቸው ቁልቁል እያመለከቱ «መንገዱ በዚህ አይደለም! በዚያ ነው! ሂዱ! ሂዱ!» ይላሉ። ስንቱን ወደ ባቡር ጣቢያው ሰደዱት መሰለህ። «ፎቲኒ፣ ዛሬ ስምንት አባረርኩ» ብለው ሲነግሩኝ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። በኦክቶበር አረፉ። ስነግርህ «ነፍስ ይማር» ብለህ ወሬ ቀየርክ።

አርባቸውን በግቢያችን ባለችው ቤተ ክርስቲያን አወጣን። ውስጧ ከስድስት ሰው በላይ ስለማትይዝ የቀረነው ውጭ ቆመናል። ንፍሮው በስኳርና በሮማን ፍሬ ተሠርቶ በለሱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ የሙታኑን ጸሎት በማዜም ላይ እያሉ በሩ ተገፋ። አስራ አራት ሰው፣ ከፊት አንድ ጃንጥላ ያነሳ መሪ። ቄሱ ሲጨርሱ አጨበጨቡላቸው። አጨበጨቡ ስልህ! የባርባ ሊናርዶስ ልጅ ፊቷን ሸፍና ወጣች። እንግዶቹ ደግሞ ወደ ንፍሮው ሄዱ፤ አንዷ ስንት ሰዓት እንደተቀቀለ ጠየቀችኝ። የመሪውን ጃንጥላ ነጥቄ ወደ ደረጃው ወረወርኩት፤ እሱንም ተከትሎት እንዲወርድ ነገርኩት፣ ምን ብዬ እንደሆነ ጾም ስለገባ አልጽፈውም።

ዞር ስል እማዬ ሳህን ይዛ ለአስራ አራቱም ንፍሮ እያዞረች ነው። «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት «ስታማቲስ የላካቸው አይደሉም እንዴ? በባዶ አፋቸው ልሸኛቸው?» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው። በሩን ገፍቶ የገባውን ሁሉ «ስታማቲስ?» ትለዋለች። ቋንቋዋን አያውቁም፤ ሰላምታ ይመስላቸውና ፈገግ ብለው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እሷ ደግሞ ውሃ ትሰጣለች፣ ማርማላታ ትሰጣለች። መከሩን ሙሉ «ዛሬ ከስታማቲስ ዘንድ ሰዎች መጡ፤ ደህና ነው አሉኝ» ስትለኝ እኔ እርጅናው እየዞረባት መስሎኝ ዝም ብዬ ሰምቻታለሁ። ዲሴምበር ላይ ደውዬ ስነግርህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ታዲያ ደስ ካላት ችግሩ ምንድን ነው?» ችግሩ ምን እንደሆነ ይኸው።

የወደቀች ዕለት ካፊያ ነበር፤ የደረጃው እብነበረድ ያንሸራትታል። የሻንጣ ጎማ ድምፅ ስትሰማ፣ በደረጃው እንዳይቸገሩ ብላ ሳህኗን እንደያዘች ልትቀበላቸው ወረደች። አራት ደረጃ ተንከባለለች። ያገኟት ሁለት ፖላንዳውያን ባልና ሚስት ናቸው። ሰውየው ኮቱን አውልቆ አለበሳት፤ ሴትየዋ አምቡላንስ ጠርታ፣ እኔ ሆስፒታል እስክደርስ የእማዬን እጅ አልለቀቀችም። እውነቱን ልናገር፣ በእነሱ ላይ ክፉ ቃል የለኝም፤ ሴትየዋን አቅፌ ነው የሸኘኋት። ስታማቲስ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አታውቅህም።

ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ እማዬ ዓይኗን ገልጣ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር «ስታማቲስ እንግዶቹን እንዳይቆጣቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው በይው» የሚል ነበር። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት። ማንንም አልላከም፤ በርሽን ለዓለም ሁሉ ነገረብሽ እንጂ፤ አንዳቸውም አያውቁትም አልኳት። ያልኩት ትክክል ነው፤ ያልኩበት ሰዓት ግን የጭካኔ ነው።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አውቃለሁ» አለችኝ። «ገና በኦክቶበር አንዲት የእኛን ቋንቋ የምትችል ልጅ መጥታ በስልኳ አሳየችኝ። ፎቶዬንም አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ስሙን ትጠሪባቸዋለሽ?» አልኳት።

«ስሙን ስጠራ አዎ የሚለኝ ሰው ሌላ የት አለኝ? አንቺ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ትቆጪያለሽ። እሱ ሲደውል ይቸኩላል። እነሱ ግን ይስቁልኛል።»

ይህ ቃል ለእኔም ደርሶኛል፤ አልሸሸውም። ከዚህ ተነስተህ ግን «አየሽ፣ ጠቀምኳት እኮ» እንዳትለኝ። ያን ቃል ከአፍህ የሰማሁ ቀን አበቃልን።

አሁን ፔሪስቴሪ እኔ ዘንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ዶክተሩ ያንን ደረጃ ዳግመኛ አትወጣውም ብሎናል። ሃምሳ ስምንት ዓመት የኖረችበት ቤት በዚሁ አከተመ። የቤተ ክርስቲያኗን ቀንዲል ማን ያበራዋል እያለች ስለምትጨነቅ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየሄድኩ አበራላታለሁ። በሩ ላይ ሁለት ሳንቃ አስመትቻለሁ፤ የምገባው በባርባ ሊናርዶስ ቤት በኩል ነው።

ከትላንት በስቲያ ስሄድ ሦስት ሰዎች በሩን ሲገፉ አገኘኋቸው። አንዷ ስልኳን እያየች «ገፋ ማድረግ ነው ይላል» ትላለች፤ የእኛው አገር ሰው ናት፣ ከተሰሎንቄ። «ደግ አሮጊቷ የለችም እንዴ?» አለችኝ። «ሞታለች» አልኳት። በእናቴ ሞት ዋሸሁ፣ ስታማቲስ። ልጅቷ አማተበች፤ ከቦርሳዋ አንድ ብርቱካን አውጥታ ደረጃው ላይ አስቀመጠችና ሄዱ። አባረርኳቸው ብዬ ደስ ያለኝ እነሱ ከዓይኔ እስኪሰወሩ ብቻ ነው። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ትላንት የይቅርታ እሁድ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሁሉም ዞሮ ይቅር በለኝ፣ ይቅር በይኝ ሲባባል የማውቀውን ሰው ሁሉ በልቤ አዳረስኩ። አንተ ጋ ስደርስ ዘለልኩህ። ቄሱ ይህን ቢያውቁ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ሄጄም አልነግራቸውም።

የምፈልገውን ልንገርህ። ዘጠኙንም ማዕዘን ዛሬውኑ አጥፋቸው፤ የእማዬን ብቻ አይደለም፣ ትራሲቮሎስም ሰው ነው። ከዚያ ለፋሲካ ና። ካሜራ ሳትይዝ። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ታድራለህ። ጠዋት ጠዋት በብብቷ ገብተህ መታጠቢያ ቤት ታደርሳታለህ፤ እኔ ወገቤን ጨርሻለሁ። ቀን ቀን አጠገቧ ትቀመጣለህ። የምታወራህን ሁሉ፣ አስር ጊዜ ብትደግመውም፣ ሰዓትህን ሳታይ ትሰማታለህ። አለቃህን አስፈቅድ፤ ካልፈቀደ የራስህ ጉዳይ ነው። ካልመጣህ ስልኬን አትደውል፤ አላነሳም።

ካሊዮፒን በእሷ ምንም ቂም የለኝም በልልኝ፤ ለገና የላከችው ሹራብ እማዬን ልክክ ብሏታል። አርጊሪስን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ አያቱ ቁመቱን ስለምትጠይቅ ለክታችሁ ጻፉላት። የካሊዮፒን እናት በጤና ያቆይዎት በልልኝ።

እማዬ አሁን ከአጠገቤ ተኝታ ለማን እንደምጽፍ አውቃለች። «ደህና ናት፣ አትጨነቅ በይው» እያለችኝ ነው። ደህና አይደለችም።

እህትህ ፎቲኒ
አቴንስ፣ ፔሪስቴሪ
ማርች 11 ቀን 2019