ሳይወለድ ክርስትና የተነሣው ኮምፒውተር

ከሳን ኢላሪዮ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ የሰሜን ፔሩ ባሕር ዳርቻ

ለክቡር ኢንጂነር ቫልዴማር ኦርሴስ
የሕዝብ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ይህን ደብዳቤ በእጇ የምትጽፈው ምራቴ ዶሚቲላ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የካሲሚሮ ፑዌስካስ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከመረብና ከመቅዘፊያ በቀር የጨበጥኩት ነገር የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ክቡርነትዎን የሚያስቀይም ነገር ቢያገኙ የጸሐፊዋ ጥፋት አይደለምና በእኔ ይያዙልኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ድምፅዎ በየቅዳሜው በሬዲዮ ጥርት ብሎ ስለሚደርሰን ደረትዎ ደህና መሆኑን እናውቃለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛም እዚህ ከተቀበሩት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤው ለእርስዎ ብቻ ተልኮ መሳቢያ ውስጥ እንዳይታፈን አንዱን ግልባጭ በገበያው በር፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ በር የምንለጥፍ ስለሆነ ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለሕዝቡ ያመጣል ስለተባለው ርካሽ ኮምፒውተር ስላሰሙን የምሥራች ከልብ አመሰግናለሁ። የምሥራች ይሁን አይሁን ለመለየት ግን ይኸው ዓመት አልፎን አልቻልንም። ክቡርነትዎ በሬዲዮ በተጠየቁ ቁጥር «ይመጣል ብዬ አላረጋግጥም፣ አይመጣም ብዬም አላስተባብልም» ይላሉ። እንዲህ ለመናገር ብዙ መማር ሳያስፈልግ አይቀርም፤ በእኛ ሰፈር ባል ለሚስቱ እንዲህ ቢመልስ ውጭ ያድራል።

እርስዎ ክፍት የተዉትን ሰዉ በየፊናው ሞላው። መረብ ጠጋኙ ኡቢልዶ የሳሙና ቁራጭ ያህላል አለ። ከሊማ የመጣ ነጋዴ ተሰርቆ የወጣ ፎቶግራፍ ነው ብሎ አንድ ብዥ ያለ ነገር አሳየን፤ ከፊሉ ኮምፒውተሩ እሱ ነው አለ፣ ከፊሉ የጫማ ካርቶን ነው አለ። ዋጋው ከአንድ ከረጢት ሩዝ አይበልጥም ተባለ፤ በፀሐይ ይሠራል ተባለ። ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ደግሞ ቢላቸውን ሳያስቀምጡ እንዲህ ይባባላሉ፦

«መስኮት የለውም አሉ። ከቤትሽ ቴሌቪዥን ጋር ነው የሚጋባው።»

«እንግዲያው ቴሌቪዥን የሌላት ቆማ ቀረች በያ።»

«አንቺ ደሞ፣ ያለ ባልስ ትኖሪ የለ እንዴ።»

ይህን ሳቅ የሰጡን እርስዎ ነዎትና ለዚህም እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ በአገራችን አዲስ ነገር ያለ ክርስትና አባት ቤት እንደማይገባ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ እርስዎ ራስዎ የስንት ድልድይ ክርስትና አባት ነዎት። ጀልባውም፣ የትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳም ክርስትና አባት አለው፤ እሱ ሪባኑን ያስራል፣ ጠርሙሱን ይከፍታል፣ ከዚያ ወዲያ ለሚሆነው ሁሉ ስሙ ይጠራበታል። የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችንም ወሬዎን አምኖ የበረዶ ፋብሪካውን ባለቤት ዶን ኤልዮዶሮን ለኮምፒውተሩ ክርስትና አባት አድርጎ መረጠ። ልጁ እንዳልተወለደ ያስታወሰ አልነበረም። ሪባን ተገዛ፤ ሴቶቹ ለጠረጴዛው ዳንቴል ሠሩ፤ ቄሱም መጥተው ባዶውን ጠረጴዛ ጠበል ረጩት።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ የነበረው አሮጌው ኮምፒውተራችን ፓወር ሰፕላይ የሚሉት የኤሌክትሪክ መቀበያው ተቃጥሎ ስለቆመ ደረጃ ሥር ተከተተ። ያ አሮጌ ዕቃ ለጨዋታ የተቀመጠ አልነበረም። የወደቡ ጽሕፈት ቤት ስለ ባሕሩ የሚልከውን ማስጠንቀቂያ በየማለዳው ዶሚቲላ ከእሱ ላይ ታነብ ነበር፤ ማዕበል የሚመጣ ከሆነ ምሰሶው ላይ ቀይ ባንዲራ ትሰቅላለች፤ ባንዲራውን ያየ ሰው ጀልባ አይገፋም።

ልጄ ሊሳንድሮ፣ የዶሚቲላ ባል፣ በስብሰባ ተነሥቶ «አዲሱ እስኪመጣ አሮጌውን እናሠራው፤ ከፒዩራ ከተማ ጠጋኝ ሠራተኛ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«ሊሳንድሮ፣ ለሬሳ ጫማ ልትገዛለት ነው?» ብለው ሳቁበት።

ዶን ኤልዮዶሮ ግን አልሳቀም፤ ከፋው። «ልጄን ገና ሳላቅፈው በአልጋው ላይ ሌላ ልታስተኙ ነው እንዴ፣ አበልጆቼ? ይሄ በእኔ ላይ ማሟረት አይደለም?» አለ። አበልጆቼ ካለ በኋላ ማን ይናገራል። በረዶውም የእሱ ነው፤ ያለ በረዶ ዓሣችን ገበያ ሳይደርስ ይሸታል። እጅ ወጣና ይጠበቅ ተባለ። ከዚያም ወዲህ አንድ ሰው ስለ ጥገናው ሊያነሣ ባሰበ ቁጥር የእርስዎ ቅዳሜ ይደርሳል፤ «አላስተባብልም» ይላሉ፤ ሰውየው አፉን ይይዛል።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ዶሚቲላ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር። ሌላ ሰው ልጥራ ብላት እኔው እጽፈዋለሁ ብላ መልሳ አንሥታዋለች።

ባለፈው መጋቢት አንድ ማለዳ ባሕሩ ጋደም ብሎ ነበር። ከሩቅ የሚነሣ ማዕበል ከዳር ሆነው ቢያዩት አይታይም። ወደቡ ግን አስቀድሞ አውቆ ማስጠንቀቂያውን ልኳል፤ ከእኛ በላይ ባለው መንደር ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ማንም አልወጣም። የእኛ ምሰሶ ባዶውን ቆሟል። ሊሳንድሮ የተጠበሰ ሙዙን በጨርቅ ቋጥሮ ወጣ። ሲመለስ ፀሐይ ሞቆ ነበር፤ ዓሣ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ከዳር ቆሞ እያየ ማዕበሉ የጀልባ መግቢያው ላይ ካለው ድንጋይ አጠገብ ጀልባዋን አንሥቶ ገለበጣት። ጀልባዋ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። የቀበርነው የእሑድ ሸሚዙንና ቀበቶውን ነው።

ድሮ ያለ ማሽን ትወጡ አልነበረም ወይ ይሉኝ ይሆናል። እንወጣ ነበር፤ እንሞትም ነበር። አባቴና ሁለት ወንድሞቼ እዚያው ናቸው። እነሱን የወሰዳቸው ባሕር ነው፤ በባሕር አልቀየምም።

አራተኛ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ክቡርነትዎ በሬዲዮ «በሳን ኢላሪዮ የደረሰው አሳዛኝ አደጋ የሕዝቡ ኮምፒውተር ምን ያህል በጉጉት እንደሚጠበቅ ያሳያል» አሉ። ልጄን ለወሬዎ ማድመቂያ ስለመረጡት ቤተሰባችን በሙሉ አመስጋኝ ነው። ውለታዎ በዚህ አላበቃም። ንግግርዎን የሰማው መንደራችን ይበልጥ አመነ። «ሰው ሞቶብናል፤ አሁን እኛን ማለፍ አይችሉም፤ የመጀመሪያው ለእኛ ነው» ይላሉ። «በሊሳንድሮ ስም ይጠራል አሉ» ይላሉ። ይህን ያወራችው ሴት ልታጽናናኝ ብላ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ዛሬም ደረጃ ሥር ነው፤ ዳንቴሉ ግን እንዳይቆሽሽ በየሳምንቱ ይታጠባል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ይህ ነው። ታናሹ ልጄ ቴዎዶሲዮ የወንድሙን ጀልባ ጠግኖ በወንድሙ ቦታ ይወጣል። የቀረኝ እሱ ነው። የማዕበሉ ወራትም እየመጣ ነው። ተው ብዬ ብለምነው «አባባ፣ የሊሳንድሮን ልጆች ማን ያብላ? እርስዎ ነዎት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጉልበቴ እንኳን ጀልባ እኔንም አይገፋም።

ስለዚህ ዱላዬን ይዤ ዶን ኤልዮዶሮ ዘንድ ሄድኩ። እንዲህ አለኝ፦ «ዶን ካሲሚሮ፣ ኢንጂነሩ በገዛ አፉ አይመጣም ይበል እንጂ ሪባኑን በጥርሴ እበጥሰዋለሁ፤ ሠራተኛውንም በራሴ መኪና አመጣዋለሁ። እሱ ሳይል ግን የክርስትና ልጄን አልክድም።» ክፉ ሰው እንዳይመስልዎ፤ በሊሳንድሮ ቀብር ከማንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። በተናገረው ቃል የሚታሰር ሰው ነው። በቢሮዎ አካባቢ እንዲህ ያለ ሰው እምብዛም ላይገኝ ይችላል ብዬ ነው የማብራራልዎ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ኮምፒውተር ስጡኝ አልልም። ሌላው ሁሉ ይላክልን ብሎ ይጽፍልዎታል፤ እኔ የምለምንዎ በሚመጣው ቅዳሜ «አይመጣም» እንዲሉ ብቻ ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ጠበል አትፈልግም፣ በጀት አትፈልግም። በእውነት የሚመጣ ቢሆን እንኳ «አይመጣም» ይበሉና ኋላ ያስደንቁን፤ እስከ ዛሬ በተናገሩት ውሸት ያሰረዎ የለም፤ በዚህኛው እኔ ራሴ ጠበቃ እቆምልዎታለሁ። ይህን ቢያደርጉ አሮጌው ኮምፒውተር ከደረጃ ሥር ይወጣል፤ ዶሚቲላ ታነባለች፤ ልጄ እቤት የሚውልበትን ቀን ይውላል፣ የሚወጣበትን ቀን ይወጣል። ቢተዉት ደግሞ እንደ ልማድዎ አያረጋግጡም፣ አያስተባብሉም፤ እኔም ከዳር ቆሜ አያለሁ።

ጤናውንና ሹመቱን ያርዝምልዎ።

ቅዳሜን ያለ እርስዎ ድምፅ የማያሳልፍ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች የነበሩት፣ ለክቡርነትዎ ትዕግሥት ባለዕዳ የሆነ ታዛዥዎ፣
ካሲሚሮ ፑዌስካስ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ ኮምፒውተሩን ለመመረቅ ወደ መንደራችን የመምጣት ሐሳብ ካለዎ እባክዎ በየብስ ይምጡ። በባሕር መንገድ የመጣ ባለሥልጣን ቢሰጥምብን ሌላው ባለሥልጣን በሬዲዮ ወጥቶ ምን ያህል በጉጉት ይጠበቁ እንደነበር ይናገርልዎታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መንደሩ እርስዎንም መጠበቅ ሊጀምር ነው።

በቃ ዶሚቲላ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሊሳንድሮ የሚለው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺ፤ ቴዎዶሲዮ ውጭ መረብ እየጫነ ነው፣ ይስማው።