ዳገቱን ለመውጣት ሲባል

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የካቲት 14

ለሆዴ ፍሬ፣ ለናፈቅሽኝ ልጄ፦

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱ በረታ ካልሽኝ ወዲህ ባሰብኩት ቁጥር እኔን ይበርደኛል፤ ደረትሽን ሳትሸፍኚ እንዳትወጪ። ስልክ ላይ ድምፄ ለምን እንደሻከረ ጠይቀሽኝ ነበር። ያን ጊዜ አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር ዝም አልኩ፤ በጽሑፍ ይሻላል።

ያቺን አሮጊት መኪናችንን ታውቂያታለሽ፤ አንቺን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ ዳገት ስታይ የምታለቅስ። ባለፈው ወር ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ስንወጣ ዳገቱ መሃል ላይ አቃታት። ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ትንፋሽ አጥሮኛል፣ አባትሽ መሪውን ጨብጦ ላብ በላብ ሆኗል። መንገደኞች ገፍተው አወጡን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው እህል እንኳ በደንብ አልቀመሰም።

አንድ ቀን በጆንያ የተጠቀለለ ብረት ይዞ ገባ። ምንድን ነው ስለው "ቱርቦ" አለኝ፤ ከተጋጨ መኪና ላይ የተፈታ። የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ እሱ ደግሞ አየር ሰብስቦ ሞተሩ ውስጥ በግድ ይከታል፣ መኪናዋም ጉልበት ታገኛለች አለኝ። እኔ የገባችኝ "በግድ" የምትለዋ ብቻ ናት።

ሰፈር ውስጥ ቀጮ የምንለው መካኒክ ለመነው። "ጋሼ፣ ይቅርብዎት። ይሄ ሞተር ዕድሜውን ጨርሷል፤ የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ዘይት ይበላል። ሽማግሌን ሩጥ ቢሉት ይሮጣል፣ የት እንደሚወድቅ ግን አይታወቅም።"

"ዳገቷን ብቻ ታውጣልኝ።"

"ዳገቷ እኮ ናት የምትገድላት።"

ቀጮ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ገጠመለት።

መጀመሪያ ብቻውን ሞከራት። ጎኑ ያለው ወንበር ላይ የአሸዋ ከረጢት በቀበቶ አስሮ፣ ክብደቱ እኔን እንዲያክል ብሎ። ሲመለስ እንደ ልጅ እየሳቀ "እያፏጨች ወጣች!" አለኝ። አብሬው ሳቅኩ። ቀበቶ የታጠቀውን ከረጢት ሳይ ግን ሄጄ ቀበቶውን ፈታሁለት።

ትናንት ጠዋት ትንፋሼ ባሰብኝና ይዞኝ ወጣ። ዳገቱን ስንጀምር ፉጨቱ ተሰማ፤ እስከ ግማሹ ድረስ በደንብ ወጣች። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ባይ ከሰማያዊ ጭስ በቀር ምንም አይታይም። የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ደርሷል።

"አቁም፣ ይነድብናል" አልኩት።

"ካቆምኩ አትነሳም።"

"በእናትህ።"

"አንቺ ዝም ብለሽ ተንፍሺ። ሌላውን ለእኔ ተይው።"

ልጄ፣ አባትሽ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ እሱን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ከውስጧ አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረና ጸጥ አለች። ዘበኛውና አባትሽ ደግፈው አስገቡኝ። ቀጮ መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያያት "በቃ፣ ይቺ አበቃላት" አለ አሉ። አባትሽ ሊያያት እንኳ አልወጣም።

ሐኪሙ ለጥቂት ቀን እዚሁ ይቆዩ አለኝ። መኪና ስለሌለን መመላለሱ ያስቸግራል፣ ለዚያ ነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አታስቢ። ዛሬ ጠዋት አባትሽን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ብዙ አናገረው። ሲመለስ ምን አለህ ስለው "ስለ መኪናዋ ነው ያወራነው" አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። እኔም እሺ አልኩት።

አሁን የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ብቻውን እንዴት አድርጎ ቤት ይገባል? ሻይ እንኳ ማፍላት አያውቅም።

ትምህርትሽን አታቋርጪ። ለዕረፍት እመጣለሁ ያልሽውን ግን አስተማሪዎችሽ አስቀድመው ቢፈቅዱልሽ እንቢ አትበዪ።

እግርሽ አይሰናከል፣ የሰው ፊት አይክበድሽ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይያዝልሽ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል ልበልሽ፤ አጠገቤ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። ግራ እጄን እንደያዘ ስለተኛ ወረቀቱን የምይዝበት አጥቼ ጽሕፈቴ ተንጋደደ።

የምትወድሽ እናትሽ