የዳርቱን መልስ ላልጠበቁት ሱፐርቫይዘር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ፍሥሐ፣ የትምህርት ቤታችን ሱፐርቫይዘር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዲቆዩልን እመኛለሁ። እኔም ከእንጦጦ ግርጌ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ደኅና ነኝ።

አንደኛ፣ ባለፈው ጥር ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው ክፍሌን ስለጎበኙልኝ፣ ከልጆቹም መካከል ዳርቱን መርጠው ወደ ሰሌዳው ስለጠሩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ዳርቱ ቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ በእናቷ ቋንቋ በልቧ ትቆጥርና መልሱን በአማርኛ ትነግረናለች፤ እኛም ልማዷን ስለምናውቅ እንጠብቃታለን። እርስዎ ከሃምሳ ሁለት ላይ አሥራ ሰባት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ጠየቋት። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ጥቂት እንዲታገሷት ብለምንዎትም ሰዓትዎን አይተው፣ እዚያው እሷ ፊት፣ "ይቺ እንዴት ሦስተኛ ክፍል ደረሰች?" አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። ዳርቱ ጠመኔውን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ለእረፍት ስንወጣ ቀሚሴን ይዛ "ቲቸር፣ ሠላሳ አምስት ነው፤ ይንገሩልኝ" አለችኝ። ወደ በሩ ሮጥኩ። መኪናዎ ግን ቁልቁለቱን ጀምራ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከጉብኝትዎ በኋላ በነበረው ሳምንት ማንም ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳይቀር ስለሰጡን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ያልተገኘሁት ዳርቱ መምጣት ስላቆመች ቤቷ ሄጄ ነው። እናቷ ወይዘሮ ጂቱ በአክብሮት ተቀብለው፣ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሙን ስታይ ሆዴን አመመኝ እያለች እንደምታለቅስ ነገሩኝ። መልሷ ትክክል እንደነበረ፣ ይህንንም በክፍሉ ሁሉ ፊት እንደምናገርላት ቃል ገባሁላት። ታናሽ ወንድሟን እንዳዘለች አዳመጠችኝና "ሲስቁብኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል" አለችኝ። በኩርፊያ አልነበረም፤ እኔን እያጽናናች ነበር።

ከዚያ በኋላም ተመላልሻለሁ። ወንበር ታቀርብልኛለች፣ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፤ ሒሳብ ሳነሳ ግን ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ዓመቱም በዚሁ አለቀ።

የሥራ ጊዜዎን በዚህች ትንሽ ጉዳይ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሰዓትዎ ለዘለዓለም በትክክል እንዲቆጥርልዎ ከልብ የምመኝ፣

ሥርጉት አካሉ
የሒሳብ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ የክፍሌ አማካይ ውጤት ከፍ በማለቱ የላኩልኝ የምስጋና ወረቀት ደርሶኛል። ቀስ የሚሉ ልጆች ሲቀሩ አማካዩ ከፍ ይላል፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ለልጆቼ ግን አላስተምረውም።