በነሐሴ የተሰማ አውድማ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 24 ቀን

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ክረምቱን ቻለው? እኔ ካልሲዬ በየቀኑ ከመራሱ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ደብዳቤ ቄስ አካለ ወልድ ያደርሱልሻል። ወደ አማኑኤል የሚወስደው መንገድ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ እሳቸው ግን በእግራቸው ይሻገራሉ። እንደ ወትሮው መቅደላዊት ታንብብልሽ። እኅቴ ቀስ ብላ ታንብብ፤ መስመር አትዝለል።

ነገ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ጳጉሜን አንድ ቀን ደግሞ ወደ ጃፓን እበራለሁ። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ነው። «ሌላው ይሮጣል፣ አንተ ታወራለህ፤ ደከመኝ የምትለው ግን አንተ» እያልሽ የምትስቂበት ሥራ ይኸውልሽ ባሕር ሊያሻግረኝ ነው። ከሬዲዮ ጣቢያችን የተመረጥሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቪዛው ተመትቷል። የጋዜጠኛ መታወቂያዬም መጥቷል፤ ፎቶውን ብታዪው ይህ የእኔ ልጅ አይደለም ትያለሽ። መቅረጫዬን፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ፣ የዚያን አገር ሶኬት የሚገጥም መሰኪያ ከትቻለሁ። በሶውም ደርሶኛል። ጨው በዝቶበታል፤ አንቺ እንዲህ አታበዢም።

ከሻንጣው ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ለማንም አልተናገርሁትምና ለአንቺ ልናዘዝ።

የአምበሯን ልጅ የብርጓልን ታውቂያታለሽ፤ አሥር ሺሕ ሜትር የምትሮጠዋን። ከውድድር በፊት የእያንዳንዱን ሯጭ ታሪክ መሰብሰብ፣ ቤተሰቡን ማነጋገር ሥራችን ነው። ሐምሌ ላይ አምበር ሄጄ አባቷን አቶ ደምለውን ቀርጬ ነበር። እየሳሉ፣ «ልጄ፣ አይዞሽ፤ ጤፉን እየዘራን ነው፤ ስለ እኛ አታስቢ» ብለውላታል። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ተጨማሪ ቃል ልቀበል ብመለስ፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። አቶ ደምለው ከተቀበሩ አምስተኛ ቀናቸው ነበር።

ወንድማቸው አቶ አበረ እጄን ይዘው ከግቢ አወጡኝ። ለየብርጓል አልተነገራትም። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አንቺ ትነግሪኝ ነበር፤ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። ልጅቱ ግን አዲስ አበባ ሆቴል ገብታ እየተለማመደች፣ የአባቴን ድምፅ ካልሰማሁ አልሄድም ብላ አስጨንቃቸዋለች። በሐምሌ የቀረጽኸውን ላክላት አሉኝ። እንዴት አድርጌ ብላቸው፣ «ትሩጥ ብቻ። ልቅሶው የትም አይሄድባትም፤ ይጠብቃታል» አሉኝ።

ላክሁላት፣ እናቴ። ሳሉን ቆርጬ አወጣሁ። ጤፉን እየዘራን ነው ያሉትንም አወጣሁ፤ የገበሬ ልጅ ናት፣ የሐምሌ ቃል መሆኑን ታውቅብኛለች። ወዲያው መልስ ጻፈችልኝ፤ አሁን ልቤ ዐረፈ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ሥራዬን አሳምሬ ሠርቼ የዚያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ነው የአንቺ ነገር ያሳሰበኝ። መቅደላዊት ኔትወርክ ፍለጋ አማኑኤል ከተማ ወጥታ በደወለች ቁጥር፣ ሱባኤ ገብታለች ትለኝ ነበር። ፍልሰታ ነውና አመንሁ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ጸበል ሄዳለች አለችኝ። የትኛው ጸበል ብላት ስልኩ ተቋረጠ። ባጃጅ ለምኜ ልመጣ ብነሣ ከከተማው መውጫ ኬላ ጠባቂዎቹ መለሱን። ቄስ አካለ ወልድን ገበያ ላይ አግኝቼ እናቴ እንዴት ናት ብላቸው፣ በረራህ መቼ ነው አሉኝ። በመጨረሻ ለመቅደላዊት ቁርጡን ነገርኋት፦ ድምፅሽን ሳልሰማ አውሮፕላን አልሳፈርም።

ትናንት ድምፅሽ መጣልኝ። «ሂድ ልጄ፣ በሄድህበት ይቅናህ፤ ክፉ አይንካህ፤ በደኅና ግባ።» ሁለት ጊዜ ሰማሁትና እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ሰማሁት፤ የሙያ አመል ነው። ከድምፅሽ ጀርባ ወንዶች ሆ እያሉ በሬ ይነዳሉ። በሬዎቹ ጭድ ይረግጣሉ። አንዱ መንሹን አቀብለኝ ይላል።

እናቴ፣ ነሐሴ ነው። ጤፉ ገና እየታረመ ነው። አውድማ የሚወቃው በጥር ነው።

መቅደላዊት ድምፅ መቁረጥ አታውቅም።

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥሁ ብዙ አለቀስሁ። መጀመሪያ በእኅቴ ተናደድሁ። ከዚያ የብርጓል ትዝ አለችኝና በምን አፌ እንደምቆጣ ጠፋኝ። ደውዬም አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት እዚያ መንገድ ዳር ብቻዋን ቆማ ልትነግረኝ ነው። ያንን አላደርግባትም። ልቅር ብዬም አስቤ ነበር፤ ብቀርስ ወደ እናንተ የሚያመጣኝ መንገድ የቱ ነው? በደጅሽ ያለሁ ያህል ቅርብ ሆኜ መምጣት አቃተኝ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

የብርጓል ዛሬ ደግሞ ሌላ ቃል ጠየቀችኝ። ከሐምሌው የተረፈ ድምፅ ነበረኝ፤ አልላክሁላትም። ለአቶ አበረ ደውዬ፣ ስንመለስ ደግፎ የሚይዛት ዘመድ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቃት፣ መርዶው ከደረስንባት ማለዳ አንድ ቀን እንዳይዘገይ አልኋቸው። በአንድ አውሮፕላን ነው የምንመለሰው። ጎን ለጎን ካስቀመጡን ምን እንደማወራት አላውቅም።

ሻንጣዬን እንደገና ፈትቼ ቀዩን ሹራብ አወጣሁና ጥቁሩን ከተትሁ። መቅደላዊትን አንድ ነገር እለምናታለሁ፤ ጸበል የሄድሽበትን ቀን በትክክል ትጻፍልኝ። ሌላ ምንም አትጻፍ፣ ቀኑን ብቻ። አርባ ቀን ልቆጥርበት ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሳለሁ የሚሞላብኝ ከሆነ ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰጥቼ ወጣ እላለሁ።

ስመለስ በማለዳ እገባለሁ። እኅቴን አምላክ ያጽናልኝ፤ ይህን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማለች። ከብቱንም ጎረቤቱንም እግዚአብሔር ይጠብቅ፤ መንገዱንም እሱ ይክፈተው። ምርቃትሽ ደርሶኛል፣ እናቴ። ይዤው እሄዳለሁ፤ አውድማውንም አልቆርጠውም።

ልጅሽ