ዳኛ ልሆን ነበር?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የምሠራበት ቤት ልጅ፣ ሆዳን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ትማራለች። ዛሬ ልብሷን ስተኩስ አጠገቤ ተቀምጣ በሶማልኛ፣ "ልጅ ሳለሽ ምን መሆን ትፈልጊ ነበር?" አለችኝ።

ሳላመነታ "ዳኛ" አልኳት። ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሐርጌሳ ከመጣሁ ወዲህማ የሆዳንን መጻሕፍት አቧራ በጠረግኩ ቁጥር ዳኛ ሳልሆን መቅረቴ ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ ደሴ ላለችው እናቴ ስደውል የልጅቷን ጥያቄ አነሳሁላት። ሳቀች።

"ዳኛማ የምትለው እህትሽ እታለም ነበረች። አንቺማ ሹፌር ነበር የምትይው! የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዘሽ ቤቱን ስትዞሪ፣ አባትሽ 'ወራጅ አለ!' እያለ ይጮህልሽ ነበር።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እታለም እዚያው ደሴ ልብስ እየሰፋች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ስለ ዳኝነት አንድም ቀን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም። ሕልሟን መቼ እንደወሰድኩባት እንጃ። ምናልባት እሷ ስትተወው እኔ አንስቼው ይሆናል። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስቆጭ የኖርኩት በሰው ሕልም ነው?

ከእራት በፊት ሆዳንን መኪና መንዳት የት እንደሚያስተምሩ ጠየቅኳት።

"ዳኝነቱስ?" አለችኝ።

"የእህቴ ነው" አልኳት።

ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ ግን ዓርብ አብረን ሄደን እንጠይቃለን ብላለች። የቸገረኝ የእታለም ነገር ነው። ልደውልላት ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። እሷ ታስታውሰው ይሆን?